ጭሱ የወጣለት እንጨት

እናንተዬ፣ ብርድ የማያውቅ ሰው «ስለ እሳት እኔን ጠይቁኝ» ሲል አትመኑት። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ልጄን በገዛ እጄ ልገድላት ምን ያህል እንደቀረኝ ልንገራችሁ፤ ሳልደብቅ ነው የምነግራችሁ።

ጥሩነሽ እባላለሁ። ሸዋ ሮቢት ተወልጄ ሸዋ ሮቢት የወለድኩ ሴት ነኝ። ሽንኩርትና ማሾ አመርታለሁ፣ ገበያ ላይ በአፍ የሚችለኝ የለም። በኛ አገር ሙቀቱ ሲብስ አልጋ ወደ ግቢ ይወጣል። በር የሚዘጋው ለሌባ እንጂ ለብርድ አይደለም። ማድ ቤታችን ጭቃ እንኳ አልተመረገም፤ በአንዱ በኩል የገባ ነፋስ በሌላው ይወጣል። ባሌ «አንቺ ሴትዮ፣ ስትሳሳቺ እንኳ አፍሽን ሞልተሽ ነው» ይለኛል። ያኔ ሙገሳ ይመስለኝ ነበር።

ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት፣ ትዕግስት። ከሷ በፊት ሁለት ቀብሬያለሁ። አስተማሪ ሆና ከደብረ ሲና በላይ፣ ክረምት ከበጋ ጉም የማይለየው ቀበሌ ተመደበች፤ እዚያው አብሯት የሚያስተምር ሙሉጌታ የሚባል ልጅ አገባች። ነሐሴ ላይ ሴት ልጅ መውለዷን በስልክ ሲነግሩኝ እልልታዬን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ነቅሎ ወጣ። በሁለተኛው ቀን ግን ራሷ ደወለች። ድምጿ ይንቀጠቀጣል።

«እማ፣ ብርዱ ሊገለኝ ነው።»

«እዚያ አገር እሳት የለም እንዴ?»

«አለ። ግን ባህር ዛፍና ኩበት ነው፣ ቦግ ይልና አመድ ይሆናል። እትዬ የሺ ፍም ሲያመላልሱ እግራቸው ቀጠነ።»

የሺ የሙሉጌታ እናት ናት። ልጇን ብላ ከገጠር መጥታ ቀድማኝ አራሷ ቤት ገብታለች። እውነቱን ልናገርና ቀናሁ። እናቷ እኔ ሆኜ ልጄን ሌላ ሰው ሲያሞቅልኝ!

ማሳችን ዳር የወደቀ ግራር ነበረን። ሁለት ዓመት ፀሐይ ጠብሶታል፤ መጥረቢያ ሲያርፍበት እንደ ብረት ይጮሃል። የዚህ እንጨት ፍም ጠዋት ካዳፈኑት ማታ አመዱን ገልጦ ማግኘት ነው። ባሌ ፈለጠው፣ እኔ በገመድ ጠፍሬ አሰርኩት። «ለሕፃኗ ብርድ ልብስ ብትወስጂላት አይሻልም?» አለኝ። «ብርድ ልብስ ማንም ይወስዳል» አልኩት። የሚኒባሱ ሹፌር ደግሞ ጣራው ላይ እየጫነ «እትዬ፣ ደገኛ እንጨት አጥቶ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። «እነሱ የሚያነዱት ገለባ ነው፣ አንተ ዝም ብለህ ጫን!» ብዬ ኩም አደረግሁት።

ደብረ ሲናን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ጥርሴ መንቀጫቀጭ ጀመረ። ከመንገዱ ወርጄ፣ እንጨቱን በአህያ አስጭኜ እነ ትዕግስት ቤት ስደርስ ጣቶቼ አልታዘዝ ብለውኝ ነበር። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ግድግዳው በጭቃ ጥሩ ተደርጎ ተመርጓል፣ ኮርኒሱ በማዳበሪያ ጆንያ ተሰፍቷል፣ መስኮቱ ጨርቅ ተወትፎበታል። የሺ በር ላይ ተቀበለችኝ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጋቢ ላይ ጋቢ የደረበች ሴት ናት። ተሳሳምን፤ እንጨቱን ስታይ ግን ከንፈሯ ወደ አንድ በኩል ሄደ።

«እትዬ ጥሩዬ፣ እኛን እንጨት የለሽ አደረጉን?»

«ኧረ በሞትኩት! ለአራሷ ብዬ ነው እንጂ። የዚህ አገር እሳት ዓይን ያቃጥላል እንጂ አያሞቅም ብለውኝ ነው።»

«ማነው ያለው?»

«ሰው።»

ትዕግስት ከአልጋዋ «እማ፣ ተይ በናትሽ!» አለች። ልጅቷን አሳቀፈችኝ። እንዴት ያለች ልጅ መሰለቻችሁ! ትንሽ፣ ቀይ፣ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ የወረደ። አልቅሼ ሳምኳት።

የየሺን አሠራር ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። አራስ ቤት ጭስ አይገባም፣ ነፋስም አይገባም። ስለዚህ እንጨቱን ውጭ፣ ማድ ቤቱ ጣራ ሥር ታነደዋለች። ነበልባሉ ሲበርድና ጭሱ ሲወጣለት ፍሙን በጋን ስባሪ ትዝቅና ወደ ቤት ታስገባዋለች። የባህር ዛፍ ፍም ገንፎው ተበልቶ ሳያልቅ ይከስማል። እሷም አመዱን ይዛ ትወጣለች፣ ሌላ ይዛ ትገባለች። በቀን አሥር ጊዜ፣ አሥራ አምስት ጊዜ። እናቷም እንዲህ አድርጋ ነው ያሳደገቻት፣ እሷም ሙሉጌታን እንዲህ አድርጋ ነው ያሳደገችው። አንድ ሰው ራሱን እንኳ አሞት አያውቅም።

የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ የኔ ግራር ፍም ሆኖ ገባ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚል ሰው በሩን እያንኳኳ ይገባል፣ ይወጣል። የገባው ሁሉ እጁን ፍሙ ላይ ዘርግቶ «ይኼማ ምን እሳት ነው!» ይላል። «የሸዋ ሮቢት ነው» እላለሁ፣ ራሴ የበራሁ እስኪመስለኝ። የሺም በመጨረሻ «እውነትም እሳት» አለች። ቃሉ ከአፏ እንዴት እንደወጣ ብታዩ፣ በጉጠት የተነቀለ ጥርስ ነበር የሚመስለው።

መሸት ሲል ትዕግስት አንድ ነገር ትዝ አላት።

«እማ፣ ከጤና ጣቢያ ስንወጣ ሲስተር ‹ቤት ውስጥ ከሰል እንዳታነዱ፣ አደራ› ብላኛለች።»

«የምን ከሰል?» አልን እኔና የሺ፣ እኩል።

«ከሰል የከተማ ሰው ነገር ነው» አለች የሺ። «ይኼ ጭሱ የወጣለት እንጨት ነው።»

«ከሰልማ በጆንያ ነው የሚመጣው» አልኩ እኔ። «ይኼን እኔ ራሴ ነኝ ከማሳዬ ያመጣሁት።»

ከተገናኘን ጀምሮ የተስማማነው በዚህ ብቻ ነበር። ትዕግስትም ሁለት እናቶች ሲተባበሩባት ምን ትበል? ልጇን ወደ ጡቷ አስጠጋች። ለመኝታ ስንዘጋጅ የሺ ልብስ እንዳይዝ ብላ ፍሙን አወጣችው፤ ያቺ ሌሊት በዚያ አለፈች።

በማግስቱ ከማለዳ ጀምሮ ዝናቡ አላባራ አለ። ጉሙ ግቢውን ዋጠውና ከደጃፍ ሆኖ አጥሩ አይታይም። ሙሉጌታ ለሥልጠና ከሄደ ሁለት ቀኑ ነው። በዚያ ዝናብ ጠያቂ ከየት ይምጣ? የሺ ከበሩ ሥር ጆንያ ጎሰጎሰች፣ ነፋሱ እንዳይገፋው ብላ ከኋላው ትልቅ ድንጋይ አንከባለለች። እኔ ደግሞ ፍሙን በአንድ ሳይሆን በሁለት የጋን ስባሪ አስገባሁ። የባህር ዛፍ ቢሆን ገና ሳንቀመጥ አልቆ የሺ በሩን ትከፍት ነበር። የኔ ግራር ግን አመዱን ተከናንቦ ሳያልቅ ቁጭ አለ። «ዛሬስ እግሬን አሳረፉልኝ» አለችኝ የሺ። ደስ አለኝ። ቤቱ ሸዋ ሮቢት ሆነልኝ፤ ነጠላዬን ሁሉ አወለቅሁ።

አምስት ሰዓት ገደማ ትዕግስት «ራሴን» አለች።

«ብርድ ነው» አለች የሺ። «ትናንት በሩ ሲከፈት ሲዘጋ ውሎ ነፋስ መትቷታል።»

ልክ ነች አልኩ በልቤ። ወጣሁና ፍም ጨመርኩ። እኔም ራሴን ከበድ ብሎኛል፤ «ደጋው ነው፣ እስክለምደው ነው» አልኩ። ትንሽ ቆይታ ትዕግስት ማቅለሽለሽ ጀመራት። የሺ «እንግዲያማ ምች ነው፣ ዳማ ከሴ ቀጥፌ ልጭመቅላት» አለችና ብድግ አለች። ብድግ አለችና ተመልሳ ተቀመጠች። «ቆይ፣ ትንሽ ልረፍ» አለች። ከደረስኩ ጀምሮ መቀመጧን አይቼ የማላውቅ ሴት! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኔ መጠርጠር የሚባል አልፈጠረብኝም።

ሕፃኗ ደግሞ ድምጿ የለም። ከጠዋት ጀምሮ አንዴ ነው የጠባችው። ጎንበስ ብዬ አየኋት፤ ጉንጯ ቀልቷል፣ ተኝታለች። «ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ ናት፣ አታለቅስ፣ አታስቸግር» አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ እየሞተች ያለችን ልጅ በጨዋነቷ አመሰገንኳት።

«ትዕግስት፣ እስቲ አጥቢያት» አልኩ። ትዕግስት «እሺ» አለች፣ ዓይኗን ግን አልገለጠችም። ደክሟታል፣ ትተኛ አልኩ። ሙቀት ያስፈልጋታል፣ ፍም ልጨምር አልኩ። የሺ ድንጋዩን ወዲያ አድርጋ አስወጣችኝ፤ «ቶሎ ይበሉ፣ ብርዱን አስገቡት» ብላ በሩን ከኋላዬ ዘጋችው። ድንጋዩ ሲንከባለል ሰማሁ።

ማድ ቤቱ አሥር እርምጃ አይርቅም። አራተኛው ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። ጭቃው ላይ ዘፍ አልኩ። ዝናቡ ፊቴን ይገርፈኛል፣ አስመለሰኝ። ያንን ብርድ ስረግም የዋልኩ ሴት፣ ያን ጊዜ አፌን ከፍቼ እንደ ውሃ ጠጣሁት። ጥቂት ቆይቶ ራሴ ቀለል አለኝ። ምን ነካኝ? አልኩ። እንዴት ውጭ ብርድ ላይ ወድቄ ይሻለኛል? ብርድ ነው ካልን ውጭ ሊብስብኝ አይገባም?

ያኔ ወንድሜ ትዝ አለኝ። በወጣትነቱ ጀውሃ አካባቢ ከሰል ያከስል ነበር። አብሮት የሚሠራ አንድ ጓደኛው ክረምት ላይ ገና ያልበረደ ከሰል በተጫነበት መኪና ላይ ሸራ ለብሶ ተኝቶ በዚያው ቀረ። ወንድሜ ሲያወራ እንዲህ ይል ነበር፦ «ከሰል ሲይዝህ መጀመሪያ ራስህን ይልሃል፣ ቀጥሎ ጉልበትህን ይወስዳል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይጥልሃል። እንቅልፉ ይጣፍጣል፤ ክፋቱ እሱ ነው።»

ራስ። ጉልበት። እንቅልፍ።

ግን እኮ ከሰል የለም! አልኩ፣ ጭቃው ላይ ተቀምጬ፣ ድምፄን አውጥቼ። ከሰል የት አለ? እዚያው እሳቱን አየሁት። ነበልባሉ በርዶ፣ ጭሱ ወጥቶለት፣ ቀልቶ ተቀምጧል። ወንድሜ እንጨቱን አፈር አልብሶ ምን ሲያደርግ ነበር የሚከርመው? ጭሱን ሲያስወጣለት አይደለም? ከሰል ማለት ጭሱ የወጣለት እንጨት አይደለም እንዴ?

«ወይኔ ልጄን!» ብዬ ተነሣሁ። እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። በሩን ገፋሁ፣ እንቢ አለ። ድንጋዩ አለ፣ ጆንያው አለ።

«እትዬ የሺ! እትዬ የሺ፣ ይክፈቱ!»

በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩት።

«አንቺ የሺ! ክፈቺ! ከሰል ነው! ክፈቺ በማርያም!»

ውስጥ የሆነ ነገር ተንፏቀቀ። የሺ በኋላ እንደነገረችኝ ድምፄ ከጉድጓድ የመጣ መስሏት ነበር፤ የነቃችው «አንቺ» ስላልኳት ነው። «ማን ናት ይቺ ባለጌ?» ብላ ተናዳ። ድንጋዩን በእግሯ ገፋችው፣ እኔ በትከሻዬ ገፋሁ፣ በሩ አንድ ክንድ ያህል ተከፈተ፤ እሷ እየተንፏቀቀች ወጣች፣ እኔ ሾልኬ ገባሁ።

አሁን ስሙኝ። ልጄ አልጋው ላይ ተዘርግታለች። የልጄ ልጅ ብብቷ ሥር አለች። ሁለቱም አይንቀሳቀሱም። ሁለት እጅ ነው ያለኝ፣ ጉልበቴ ደግሞ ግማሹ ነው። ማንን? ይኼን ጥያቄ እግዜር ለማንም እናት አያምጣባት። እኔ ልጄን ነበር የፈለግሁት፤ አልዋሻችሁም፣ ያችን አንዲቷን። እጄ ግን ሕፃኗን አነሣ፣ የምችለው እሷን ስለሆነ። ተሸክሜያት ወጣሁና ጣራው ሥር ለወደቀችው ለየሺ አቀበልኳት። «አሺያት፣ እፍ በይባት፣ እንዳትተዪያት!» ብዬ ተመለስኩ። ትዕግስትን በብብቷ ይዤ ጎተትኳት። ከአልጋ ስትወርድ ጭንቅላቷ ከመሬት ተጋጨ፤ አልጮኸችም። አለመጮኋ ነው የገደለኝ።

ዝናቡ ላይ አስተኛኋትና ኡኡ አልኩ። የገበያው አፌ ያን ቀን ጠቀመኝ፤ በዚያ ጉም ውስጥ ጎረቤት ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ከበበን። አንዱ ስልክ ደወለ፣ ሌሎቹ ቃሬዛ ይዘው መጡ። ትዕግስት ቃሬዛው ላይ ሆና አቃሰተች። ሕፃኗ ግን ሕይወት ያላት አትመስልም። የሺ ጡቷ መሃል ሸጉጣት ትሮጣለች፣ ጀርባዋን ታሻለች፣ «እናቴ፣ እናቴ፣ እባክሽ» ትላለች። እኔ ከኋላዋ እሮጣለሁ፣ እወድቃለሁ፣ እነሣለሁ። ጤና ጣቢያው አጥር ጋ ስንደርስ አንዲት ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ድመት መሰለችኝ። የሺ ቀጥ ብላ ቆመችና ወደኔ ዞረች። ልጅቷ እያለቀሰች ነበር።

ኦክስጅን ሰጧቸው። ለኛም ሰጡን። ወደ አሥር ሰዓት ግድም ትዕግስት ዓይኗን ገልጣ «ልጄስ?» አለች። ጡቷ ላይ አስቀመጡላት፤ መጥባት ስትጀምር ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ እሷን ያይ ነበር።

ከዚያ ሲስተር መጣች። ወጣት ናት፣ ግን ተቆጥታለች።

«ከሰል ቤት አታስገቡ ብዬ አልነበር?»

«ከሰል አልነበረም» አለች ትዕግስት በደከመ ድምፅ። «ፍም ነው።»

«ፍምስ ከሰል አይደለም? ጭስ የለውም ማለት ጋዝ የለውም ማለት ነው? አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል። ማነው ያስገባው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«እኔ ነኝ» አለች የሺ።

«እንጨቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ሲስተር።»

«በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ማስገባቱንም ከኔ ነው ያየችው።»

ያን ሁለት ቀን ሙሉ «የማን እሳት ይሻላል» ስንባባል የነበርን ሴቶች እሳቱን እየተሻማን አለቀስን። ሲስተር አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየችና ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ቁጣዋ በርዶ ነበር።

እንግዲህ ይኼ ከሆነ ሦስት ዓመት ሆነው። ልጅቷ ደህና ናት፣ አፏ እኔን ነው የወረሰው። እኔና የሺ ከዚያን ቀን ወዲህ አንቱ ተባብለን አናውቅም። ስንሰዳደብ ያየን ሰው እህትማማች ነን ብሎ ያስባል።

ብዙ ጊዜ ብቻዬን ስሆን አስበዋለሁ። የኔ እንጨት በኛ አገር ሰው ገድሎ አያውቅም፤ በራችን ክፍት ነው። የየሺ በር በነሱ አገር ሰው ገድሎ አያውቅም፤ እሳታቸው ቶሎ ያልቃል። ሁለታችንም ከእናቶቻችን የተማርነውን አላጎደልንም። ሁለቱን ያገናኘነው እኛ ነን፣ ያውም በፍቅር። ድሮ ሰው ሲጎዳ ስሰማ «ምን ያለ ግዴለሽ ነው» እል ነበር። ልጄን ሞት አፋፍ ያደረሳት ግን ግዴለሽነት አልነበረም፤ ማወቄ ነው። አዋቂ ነኝ ብዬ ስለማምን የሲስተርን ምክር በአንድ ቃል ጣልኩት። ዛሬ ሰው ሲያስጠነቅቀኝ ቃሉን አልመነዝርበትም። «ለምን አልሽ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ባሌ ታመሽ ነው እንዴ ይለኛል።

እናንተም ይኼን የምታነቡ፣ አራስ ይሞቃል፣ ልጅ ይሞቃል፣ ማን ይከለክላል? ድንጋይ እሳት ላይ አግላችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ እግር ሥር አድርጉ። እሳቱ ግን ውጭ ይቅር።

ባለፈው ሳምንት ይኼንኑ ለአንዲት የአጣዬ ሴት ነገርኳት። ልጇ ደጋ ተድራ ነፍሰ ጡር ናት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ ሕፃኗ ስታለቅስ እሷም አለቀሰች። ስጨርስ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና እፎይ አለች።

«አንጀቴን በላሽው፣ እህቴ» አለችኝ። «ተመስገን፣ የኔዋስ ከሰል አታነድም። ፍም ብቻ ነው የምታስገባው።»

እጇን ያዝኩና «ስልክሽን አውጪ» አልኳት። «አሁን፣ እዚሁ እፊቴ ደውዪላት።»

ደወለች። ደጋ ላይ ሰው ያላችሁ፣ እናንተም ደውሉ።